የክሌር ቤተሰብን መሬት ማወቅ ከፈለጋችሁ ሴቶቹን ተከተሉ

የካርዲፏ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። የዛሬ ዓመት ገደማ ልጆቼን ይዤ ኬርፊሊ ሄጄ ነበር። ከካርዲፍ በባቡር ቅርብ ነው። ግንቡ ውሃ መሀል ነው የተቀመጠው፣ ግቢው ብቻ 12 ሄክታር ያህላል። ዌልስ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የለም። አንዱ ማማ ለሁለት ተሰንጥቆ ወደ ውጭ አጋድሏል፤ ከፒሳው ማማ ይብሳል። ልጄ ከሥሩ ቆሞ አንጋጦ ሲያየው ቆየና «ይሄ የየትኛው ንጉሥ ቤት ነው?» አለኝ።

የንጉሥ ቤት አይደለም። በ1268 ያስጀመረው ጊልበርት ደ ክሌር የሚባል ባላባት ነው። ፀጉሩ ቀይ ስለነበር ቀዩ ጊልበርት ይሉታል። በ1270 የዌልሱ መስፍን ልዌሊን መጥቶ አቃጠለበት። በማግስቱ ዓመት እንደገና ጀመረው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉሥ ያልሆነ ሰው ይሄን ሁሉ ድንጋይ የሚያስቆልል ገንዘብ ከየት አመጣ? ጥያቄው አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ እየሣልኩ ነው። ስድስት ወረቀት አያይዤ የወጥ ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

መነሻው ኖርማንዲ ነው። የኖርማንዲ መስፍን ቀዳማዊ ሪቻርድ ከጋብቻ ውጪ የወለደው ጎድፍሪ የሚባል ልጅ ነበረው። የሱ ልጅ ጊልበርት የብሪዮን ጌታ ሆነ። ይሄ ጊልበርት የሕፃኑ ዊልያም ሞግዚት ነበር፤ በኋላ እንግሊዝን የያዘው ዊልያም ማለት ነው። በ1040 አካባቢ ጊልበርትን ገደሉት። ሁለት ልጆቹ ሪቻርድና ባልድዊን ወደ ፍላንደርስ ሸሹ። ዊልያም ሲጠነክር መለሳቸው፣ ግን የአባታቸውን ብሪዮንን አልሰጣቸውም። ለሪቻርድ ቢየንፌትና ኦርቤክ የሚባሉ ቦታዎች ደረሱት።

ከ1066 ድል በኋላ ሪቻርድ በእንግሊዝ ተካሰ። ኬንት ውስጥ ቶንብሪጅን፣ ሰፎክ ውስጥ ክሌርን አገኘ። ስለ ቶንብሪጅ የኖርማን ዜና መዋዕሎች የሚሉትን ስሙ። ሪቻርድ የብሪዮንን ጥያቄ ሊተው ተስማማ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ብሪዮን ዙሪያውን በገመድ ተለካ። ያው ገመድ ባሕር ተሻግሮ ቶንብሪጅ መጣ። በሱ ልክ መሬት ከልለው ሰጡት። የተነጠቁትን የአባት ቤት በገመድ ለክቶ ሌላ አገር መትከል! ይሄን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

በ1086 የተጻፈው የዱምስዴይ መዝገብ ላይ ሪቻርድ ከንጉሡ በታች ካሉት የእንግሊዝ ትልልቅ ባለ መሬቶች አንዱ ነው። ሰፎክ ውስጥ ብቻ 95 ቦታ ነበረው።

ከዚያ በኋላ ግን ካላንደሬ ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። መሬቱ በሰፋ ቁጥር አንዲት ሙሽራ ትገባለች። እስቲ አብረን እንየው።

ጣና77

እህቴ፣ ደስ የሚል ርዕስ ነው ያመጣሽው። ስሞቹን ግን አየሽ? ሪቻርድ ፊትዝ ጊልበርት፣ ጊልበርት ፊትዝ ሪቻርድ። «ፊትዝ» ማለት «ልጅ» ማለት ከሆነ የኛው አጠራር ነው እኮ! የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት ስም። ለካ የቤተሰብ ስም የሚባለው በኋላ የመጣ ነገር ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄ መሬት ርስት ነው ወይስ ጉልት? መምህር እዚህ አካባቢ ካሉ ያስረዱን።

መምህር ዘደብረታቦር

አለሁ ልጄ። ጥያቄህ ጥሩ ናት።

ሁለቱንም ይመስላል፣ አንዱንም ግን በልኩ አይሆንም። ጉልትን የሚመስለው ባላባቱ መሬቱን የያዘው ከንጉሥ ስለሆነ ነው። በምላሹ ፈረሰኛ ጦረኛ ያሰልፋል። በመሬቱ ላይ ዳኝነትና ግብር የሱ ነው። አራሹ ሌላ ሰው ነው። ርስትን የሚመስለው ደግሞ ለልጅ ስለሚተላለፍ ነው። ወራሹ ግን አባቱ ሲሞት ለንጉሡ ከፍሎ ነው የሚረከበው። ልጁ ገና ለአቅመ አዳም ካልደረሰ መሬቱንም ልጁንም ንጉሡ ይይዛል፣ ገቢውን ይበላል፣ ጋብቻውንም ይሸጣል።

ትልቁ ልዩነት አወራረሱ ላይ ነው። በኛ ርስት ወንዱም ሴቷም ከአባትም ከእናትም ወገን ይካፈላሉ። በነዚያ ዘንድ የበኩር ወንድ ልጅ ጠቅልሎ ይወስዳል። ወንድ ከጠፋ ብቻ ነው ለሴቶች የሚደርሰው። ያን ጊዜ ደግሞ ታላቅ ታናሽ የለም፣ እኩል ይካፈላሉ። ይቺን ሕግ ያዟት። የክሌርን ቤት ያሳደገችውም የበተነችውም እሷ ናት።

በመጀመሪያው ትውልድ ሌላ ልማድ ነበር። አባት የወረሰው መሬት ለበኩሩ፣ ራሱ ያፈራው ለሁለተኛው ልጅ። ስለዚህ ከሪቻርድ ልጆች ታላቁ ሮጀር የኖርማንዲውን ወሰደ። ታናሹ ጊልበርት ክሌርንና ቶንብሪጅን ያዘ። ሮጀር ልጅ ሳይወልድ ሞተና የሱም ድርሻ ወደ ወንድሙ ልጆች ተመለሰ።

ስለ ገመዱ ደግሞ፣ የካርዲፏ፣ አንቺ ስትጽፊው ትዝ ያለኝ ቃላድ ነው። አያቶቻችን የመሬት መለኪያውን ገመድ ቃላድ ነበር የሚሉት። ቆይቶ የተለካው መሬት ራሱ ቃላድ ተባለ። ቶንብሪጅም እንዲሁ ነው። የተለካው ዙሪያ የራሱ ስም ወጥቶለት ለዘመናት በዚያ ተጠርቷል።

የካርዲፏ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቃላድን እኔ አላሰብኳትም ነበር።

አሁን ወደ ዌልስ ልውሰዳችሁ። በ1110 ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪ ለታናሹ ጊልበርት ምዕራብ ዌልስ ያለውን ኬሬዲጊዮንን ሰጠው። ሰጠው ማለት «ሂድና ያዘው» ማለት ነው። ሄዶ ያዘው፣ ግንብ ሠራ። ወንድሙ ዋልተር ደግሞ በዋይ ወንዝ በኩል ቼፕስቶን አገኘ። ያ ዋልተር ነው በ1131 የቲንተርንን ገዳም የተከለው። ፍርስራሹ ዛሬም አለ፣ ሄዳችሁ እዩት።

የጊልበርት ልጅ ሪቻርድ አሟሟቱ ያሳዝናል። በ1136 ከእንግሊዝ ወደ ኬሬዲጊዮን ሲመለስ አበርጋቬኒ አጠገብ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አለ። እስከዚያ ያጀቡትን ሰዎች «ይበቃል፣ ተመለሱ» አላቸው። ታሪኩን የጻፈው የዌልሱ ጄራልድ ነው። ሪቻርድ ከፊቱ አንድ ዘፋኝና አንድ መሲንቆ የሚመስል ነገር የሚጫወት ሰው አስቀድሞ፣ በዜማ ታጅቦ ጫካው ውስጥ ገባ። የዌልስ ሰዎች አድፍጠው ይጠብቁት ነበር። አልወጣም። ኬሬዲጊዮንም ተከትሎት ከእጃቸው ወጣ።

ወንድሙ ጊልበርት በ1138 የፔምብሮክ ኧርል ሆነ (ኧርል ትልቅ የመኳንንት ማዕረግ ነው)። የሱ ልጅ ስትሮንግቦው የሚባለው ሪቻርድ ነው። በ1170 አየርላንድ ዘምቶ የሌንስተርን ንጉሥ የዲየርሜትን ልጅ ኢፋን አገባ። አማቱ በማግስቱ ዓመት ሲሞት ሌንስተርን ያዘ። አንዷ ሙሽራ ይቺ ናት።

የስትሮንግቦውና የኢፋ ልጅ ኢዛቤል ትባላለች። በ1189 ዊልያም ማርሻልን አገባች። ማርሻል እስከዚያ ድረስ በፈረሰኛነቱ ስም ያተረፈ፣ መሬት የሌለው ሰው ነበር ማለት ይቻላል። በአንድ ሰርግ ቼፕስቶንና ሌንስተርን አገኘ፤ ፔምብሮክም በ1199 ተከተለ። አምስት ወንድና አምስት ሴት ወለዱ። አምስቱም ወንዶች በየተራ ወረሱ፣ አምስቱም በሕግ የሚወርስ ልጅ ሳይተዉ ሞቱ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ፣ ዋልተርና አንሰልም፣ በ1245 ተከታትለው ሄዱ። እናት አሥር ወልዳ የአባታቸው ስም በአንድ ትውልድ ሲያልቅ አስቡት።

ከሴቶቹ አንዷ፣ እሷም ኢዛቤል ናት፣ በ1217 ጊልበርት ደ ክሌርን አግብታ ነበር። በእናቷ በኩል የክሌር ደም፣ ባሏም ክሌር።

የሕግ ሰው

የ1247ቱ ክፍፍል በሙያዬ ስለሚመለከተኝ ልጨምር። አምስት እህቶች፣ አምስት እኩል ድርሻ። አንዳንዶቹ በዚያን ጊዜ አልፈው ነበር፣ ልጆቻቸው በነሱ ቦታ ገቡ። ሌንስተር አምስት ቦታ ተቆረጠ። ካርሎ ለማቲልዳ፣ ኪልኬኒ ለክሌሮቹ፣ ኪልዴር ለሲቢል ልጆች፣ ዳናሜዝ ለኢቫ ልጆች፣ ዌክስፎርድ ለጆአን ልጅ። ክሌሮቹ በዌልስ በኩል አስክንም አገኙ።

ከመከፋፈሉ በፊት ግን የመበለቶቹ ድርሻ ይነሳል። ባሏ የሞተባት ሴት እስክትሞት ድረስ የመሬቱን ሲሶ ትይዛለች። ከአምስቱ ወንድማማቾች ከአንድ በላይ መበለት ቀርቶ ነበር። ወራሾቹ ሲሶው እስኪለቀቅ ለዓመታት ጠብቀዋል። ዛሬ ፍርድ ቤት የምናየው የውርስ ሙግት በስንት ጣዕሙ!

የካርዲፏ

ወይ ጉድ፣ ሲሶዋን እኔ ዘልያት ነበር። ዛሬ ማታ በቀይ እስክሪብቶ አስገባታለሁ።

ትልቋን ሙሽራ ግን ገና አልነገርኳችሁም። አሚሲያ ትባላለች። የግሎስተሩ ኧርል የዊልያም ልጅ፣ የክሌሩ ሪቻርድ ሚስት ናት። ኧርሉ ወንድ ልጁ ቀድሞት ሞተና ሦስት ሴቶች ቀሩት፦ ሜቤል፣ አሚሲያ፣ ኢዛቤል። ዳግማዊ ሄንሪ ሀብቱን ለልጁ ለጆን ፈልጎታል። ስለዚህ ኢዛቤልን ለጆን አጨለት። ተጋቡ። ጆን በ1199 ሲነግሥ ወዲያው ጋብቻው ይፍረስልኝ አለ። ምክንያቱ ዝምድና ነው። ሁለቱም የቀዳማዊ ሄንሪ ልጅ ልጅ ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን የነሱም ቤተ ክርስቲያን እንደኛ እስከ ሰባት ቤት ትቆጥር ነበር። ወደ አራት ያወረደችው በ1215 ነው።

ጆን ሚስቱን ፈታ፣ መሬቷን ግን አልለቀቀም። ቆይቶ በ1214 በ20,000 ማርክ ለሌላ ባል ሸጣት። ስትሞት ልጅ አልነበራትም። የሜቤልም ልጅ ቀድሞ ሞቷል። ስለዚህ በ1217 ሁሉም ነገር፣ ግሎስተርም ግላሞርገንም፣ በአሚሲያ በኩል ለልጇ ለጊልበርት ደ ክሌር ደረሰ። ኢዛቤል ማርሻልን ያገባው ይኸው ጊልበርት ነው፤ ቀዩ ጊልበርት የልጅ ልጁ ነው። ኬርፊሊ ያለው ግላሞርገን ውስጥ ነው። የልጄ ጥያቄ መልሷን ያገኘችው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ልጨምር። የመጀመሪያው ሪቻርድ ሚስት ሮሄዝ ጊፋርድ ነበረች። የጊፋርዶቹ ዘር በ1164 ሲቋረጥ ዘመዶች ሮሄዝን አስታወሱ። በ1189 መሬቱ ለሁለት ተከፈለ። እኩሌታው ለክሌሩ ሪቻርድ፣ እኩሌታው ለማርሻል ሚስት። ሁለቱም የሚቆጥሩት ከሮሄዝ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የኖረች ሴት አያትነት መሬት ሲያስገኝ፣ የዘር ሐረግ መቁጠር ለነሱ ምን ያህል ቁም ነገር እንደነበር ይገባችኋል።

ብርሃን ሳሪስ

ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ አልተስማማሁም። «ሴቶቹን ተከተሉ» ስትይ ሴቶቹ ኃይል የነበራቸው ያስመስላል። አንቺው ራስሽ በ20,000 ማርክ ተሸጠች አልሽ። መሬቱ ባላቸው እጅ ነው የገባው። እነሱ የውል ማሰሪያ ናቸው። ስማቸው የተጻፈውም መሬት ስላመጡ ብቻ ነው። ይሄ እኔን ደስ አይለኝም፣ ያሳዝነኛል።

የካርዲፏ

ብርሃን፣ ያልሽው እውነት ነው። አስቤበት ነው የምመልስልሽ።

ቀዩ ጊልበርት መጀመሪያ አሊስ ደ ሉዚንያንን አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወልዶ ነበር። ያ ጋብቻ በ1285 ፈረሰ። በ1290 የቀዳማዊ ኤድዋርድን ልጅ ጆአንን አገባ። እሱ 46፣ እሷ 18። ንጉሡ ያስቀመጠውን ውል ተመልከቺ። ጊልበርት መሬቱን ሁሉ ለንጉሡ አስረከበ። ንጉሡ መልሶ ለባልና ሚስት በጋራ ሰጠ፣ ወራሹም ከጆአን የሚወለድ እንዲሆን። በዚያ አንድ ውል የአሊስ ልጆች ከውርስ ወጡ።

ጆአን ግን ዝም ብላ የምትታሰር ሴት አልነበረችም። ጊልበርት በ1295 ሞተ። አባቷ ሌላ መስፍን ሊድርላት ሲዘጋጅ፣ በቤቷ የሚያገለግለውን ራልፍ ደ ሞንተርመርን በ1297 በድብቅ አገባች። ንጉሡ ተቆጥቶ ራልፍን አሰረው። ትልቅ ሰው ድሃ ሴት ሲያገባ ነውር ካልሆነ፣ ትልቅ ሴትስ ጎበዝ ወጣት ብታሳድግ ምን ነውር አለው ብላ ተከራከረች ይባላል። ራልፍ ተፈታ። የጆአን ልጅ እስኪያድግ ድረስ ኧርል ተብሎ ተጠራ።

ያ ልጅ የመጨረሻው ጊልበርት ነው። በ1314 እንግሊዞችና ስኮቶች ባኖክበርን ላይ ሲዋጉ በ23 ዓመቱ ሞተ። ዓርማው ያለበትን ልብስ ሳይደርብ ወደ ጦሩ ተወረወረ ይላሉ። ስኮቶቹ ቢያውቁት ኖሮ ማርከው ትልቅ ገንዘብ ይጠይቁበት ነበር። የስኮቶቹ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ሬሳውን ያለ ምንም ክፍያ በክብር መለሰ። የብሩስና የጊልበርት ሚስቶች እህትማማቾች ነበሩ።

አሁን ነው ነገሩ የሚከፋው። ጊልበርት ልጅ አልነበረውም። ሚስቱ ሞድ «ነፍሰ ጡር ነኝ» አለች። ስለዚህ ክፍፍሉ ቆመ። አንድ ዓመት አለፈ። ሁለት ዓመት አለፈ። አሁንም እርጉዝ ናት ይባላል! ያኔ የነገሠው ዳግማዊ ኤድዋርድም ነገሩ እንዲዘገይ ይፈልግ ስለነበር እሺ አለ። በመጨረሻ በ1317 በዓመት 6,000 ፓውንድ ያህል የሚያስገባው መሬት ለሦስት እህቶች ተከፈለ። ግላሞርገን ለኤልኖር፣ ኒውፖርት ለማርጋሬት፣ አስክና ክሌር ለኤልሳቤጥ። ሁለቱን ታናናሾች ከመከፈሉ በፊት ንጉሡ ለወዳጆቹ ዳራቸው፣ ለኦድሊና ለዳሞሪ። የኤልኖር ባል ሂዩ ዴስፔንሰር ነው። ሲሶው አልበቃውም፣ የሚስቱን እህቶች ድርሻም ፈለገ።

ኤልሳቤጥን ተመልከቺ፣ ብርሃን። በ1322 ሦስተኛ ባሏ ዳሞሪ በንጉሡና በዴስፔንሰር ላይ በተነሣው አመፅ ጊዜ ሞተ። ገና 26 ዓመቷ ነው፣ ሦስት ባል ቀብራለች። ከልጆቿ ጋር ባርኪንግ ገዳም አሰሯት። አስክን ለዴስፔንሰር እንድትለቅ በማስፈራራት ማኅተሟን አስደረጓት። በልዋጩ ጋወርን ሰጧት፣ እሱንም ቆይተው ወሰዱባት። ምን አደረገች? በግንቦት 1326 በምስጢር የተቃውሞ ጽሑፍ አስጻፈች። የተፈጸመባትን አንድ በአንድ ዘረዘረች። ማን እንዳስፈራራት፣ የት እንደታሰረች፣ በምን እንዳስገደዷት። ዴስፔንሰር ያኔ ከነሙሉ ሥልጣኑ ነው። ወረቀቱ ቢያዝ ኖሮ ምን እንደሚደርስባት አስቢ። በዚያው ዓመት በኅዳር ዴስፔንሰር ተሰቀለ። አስክ ተመለሰላት።

ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለ ባል ኖረች። መሬቷን ራሷ አስተዳደረች። ኬምብሪጅ ውስጥ ሊዘጋ የደረሰ ትምህርት ቤት አንስታ አቋቋመች፣ ዛሬ ክሌር ኮሌጅ የሚባለውን። የኮሌጁን ዓርማ ፈልጊና እዪው። የአባቷ ቤት ሦስት ቀይ የጣሪያ ቅርጾች በወርቃማ መደብ ላይ አሉ። በጥቁሩ ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ የወርቅ እንባ ጠብታዎች።

ስለዚህ ኃይል ነበራቸው አላልኩም። መሬቱ ያለፈው በነሱ ነው ነው ያልኩት። አንዳንዷ ደግሞ ሲያልፍባት ያዘችው።

ብርሃን ሳሪስ

ኤልሳቤጥን አላውቃትም ነበር። ዓርማውን አየሁት። እንባዎቹ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። አመሰግናለሁ እህቴ።

ጣና77

መሬቱስ መጨረሻው የት ደረሰ?

የሕግ ሰው

የኤልሳቤጥን ሲሶ እኔ ልከታተላት። ልጇ ዊልያም ደ በርግ በ1333 ተገደለ። አንዲት ሴት ልጅ ተወ፣ እሷም ኤልሳቤጥ። የሣልሳዊ ኤድዋርድ ልጅ ላየነል አገባት። ላየነል በ1362 መስፍን ሲሆን ማዕረጉ «ክላረንስ» ተባለ። ከ«ክሌር» የመጣ ስም ነው። የነሱም ልጅ ሴት ናት፣ ፊሊጳ። ሞርቲመር አገባት። ሞርቲመሮቹም ወንድ ሲያልቅባቸው መሬቱ በእህታቸው በአን በኩል ወደ ዮርክ ቤት ሄደ። የአን የልጅ ልጅ በ1461 ራብዓይ ኤድዋርድ ተብሎ ነገሠ። በዚህ መንገድ ክሌር የዘውዱ ንብረት ሆነች። የካርዲፏ፣ እንዳልሽው ነው። ከ1314 እስከ 1461 ባለው መንገድ ላይ ዋና ዋናዎቹ መታጠፊያዎች ሁሉ ሴቶች ናቸው።

መምህር ዘደብረታቦር

ግሩም ነው ልጆቼ። አንድ ማስተካከያ ብቻ አለችኝ። የካርዲፏ፣ የካላንደርሽን ፎቶ ትናንት ለጥፈሽልን ነበር። ከቀዩ ጊልበርት ሥር አራት ልጆች ብቻ ናቸው ያሉት። የአሊስን ሁለት ልጆች ጽፈሽልናል እንጂ አልሣልሻቸውም። ውል ከውርስ አወጣቸው፣ ከአባታቸው ልጅነት ግን አላወጣቸውም። ኢዛቤል የበርክሌይ ሰው አግብታለች። ጆአን ደግሞ ስኮትላንድ ሄዳ የፋይፍን ኧርል አግብታለች።

የካርዲፏ

እውነትዎን ነው መምህር። ቦታ ስላልነበረኝ ነበር የተውኳቸው። አሁን በግራ በኩል አንድ ቁራጭ ወረቀት በፕላስተር ቀጠልኩ። ልጄ ስማቸውን በራሱ እጅ ጻፈ። ወረቀቱ በሩን አልፎ ግድግዳው ላይ ወጥቷል።

ክረምት ላይ የአባታቸውን መቃብር ልናይ ቲውክስበሪ እንሄዳለን። ፎቶ አምጥቼ እዚሁ እለጥፋለሁ።